ጌሚንግ ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ፦ የመርካቶ ገዢ ሊጠይቀው የሚገባው ዋት

ጌሚንግ ላፕቶፕን ከተራው ላፕቶፕ የሚለየው ለብቻው የተሠራ ግራፊክስ ካርድ መያዙ ነው። ተራው ላፕቶፕ ምስል የሚያወጣበት ክፍል ፕሮሰሰሩ ውስጥ ተዳብሎ ይኖራል፤ ሜሞሪውንም ከራሙ እየተበደረ ይሠራል። ጌሚንግ ላፕቶፑ ግን የራሱ ቺፕ፣ የራሱ ሜሞሪና የራሱ ሙቀት ማውጫ ያለው ሁለተኛ ሞተር ተገጥሞለታል። ዴስክቶፑም ያንኑ ሁለተኛ ሞተር ይይዛል፤ የሚቀመጠው ግን ሰፊ ኬዝ ውስጥ ነው፣ ከትልቅ ፓወር ሰፕላይ ይመገባል፣ ሲያስፈልግም በአንድ ካቻቢቴ ተፈትቶ በሌላ ይተካል።

በአዲስ አበባ ይህን ዕቃ የሚፈልገው ተጫዋች ብቻ አይደለም። የእግር ኳስ ጌም የሚወደው ወጣት ከአምስት ኪሎው የምህንድስና ተማሪ፣ ልደታ ካለው ህንፃ ኮሌጅ ከሚማረው የሥነ ሕንፃ ተማሪ፣ የሠርግ ቪዲዮ ከሚያቀናብረው ባለሙያ ጋር አንድ መደርደሪያ ፊት ይቆማል። ሬቪት፣ ሉሚየን፣ ፕሪሚየርና ብሌንደር የተባሉት የሥዕልና የቪዲዮ ፕሮግራሞች የሚፈልጉት ቺፕ ጌሙ የሚፈልገው ያው ቺፕ ነው። እንደ «ኩኩሉ» ያለው በአገር ልጆች የተሠራ የስልክ ጌም እንኳ የሚዘጋጀው በኮምፒውተር ላይ ነው። ስለዚህ ለብዙው ገዢ ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ የተሳሳተ ምርጫም የዓመታት ቁጠባ ይበላል።

መርካቶ አሁን ያለበትን ቦታ የያዘው በጣሊያን ወረራ ዓመታት፣ የከተማው ዋና ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሲዛወር ነው። ከዚያ ወዲህ ንግዱ በየተራው ተከፋፍሎ ኖሯል፦ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። ኮምፒውተር ዘግይቶ የመጣ ዕቃ በመሆኑ እንደ ሸማው ወይም እንደ ቆርቆሮው በስሙ የሚጠራ የቆየ ተራ የለውም። በቆርቆሮ ሱቆች ፋንታ በተነሡት ባለ ፎቅ የገበያ ሕንፃዎች ውስጥ ከስልክና ከሌላ ኤሌክትሮኒክስ ጋር ተሰባጥሮ ይሸጣል፤ ከሱቁ ውጭ ደግሞ በቴሌግራም ገጾች ይዞራል። ገዢው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ከሱቅ ሱቅ ብዙ አይለያዩም፦ «አይ ሰባት ነው? ራሙ ስንት ነው? ስንት ጂቢ ካርድ አለው?» ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ላፕቶፕን ከዴስክቶፕ ለማመዛዘን የሚበጀው ግን አራተኛው፣ ብዙ ጊዜ የማይነሣው ጥያቄ ነው፦ ስንት ዋት?

ይህ ጥያቄ የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ስሞቹ ስለሚያሳስቱ ነው። ትልቁ የግራፊክስ ቺፕ ኩባንያ ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ ለላፕቶፕ የሚያዘጋጃቸውን ካርዶች በስማቸው መጨረሻ «ኤም» በምትል ፊደል ይለይ ነበር። በዚያ ዓመት ጂቲኤክስ 10 የተባለው ትውልድ ሲወጣ ፊደሏ ቀረች። በጊዜው ይህ በቂ ምክንያት ነበረው፤ የላፕቶፑና የዴስክቶፑ ቺፕ በእርግጥም ተቀራርበው ነበር። ከዚያ በኋላ ክፍተቱ እንደገና ሰፋ፣ ስሙ ግን አልተመለሰም። ኩባንያው በይፋዊ ሰነዱ «ላፕቶፕ ጂፒዩ» (የላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፕ) የሚል ጭራ ይጨምራል፤ ጭራው ግን በሱቅ ወረቀትና በቴሌግራም ማስታወቂያ ላይ ሳይጻፍ ይቀራል።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ ከባድ ነው። የዴስክቶፑ አርቲኤክስ 4090 የስሌት ኮሮቹ 16,384፣ ሜሞሪው 24 ጂቢ፣ የሚበላው ኃይል እስከ 450 ዋት ነው። በላፕቶፕ ውስጥ አርቲኤክስ 4090 የሚባለው ደግሞ ሌላ፣ አነስ ያለ ቺፕ ነው፦ 9,728 ኮር፣ 16 ጂቢ ሜሞሪ፣ ቢበዛ 175 ዋት። በ4070 ላይ ዴስክቶፑ 5,888 ኮርና 12 ጂቢ ሲኖረው ላፕቶፑ 4,608 ኮርና 8 ጂቢ አለው። የ3060 ነገር ደግሞ ለየት ይላል፤ የላፕቶፑ ኮር ከዴስክቶፑ በጥቂቱ ይበልጣል፣ 3,840 በ3,584፣ ሜሞሪው ግን የዴስክቶፑ 12 ጂቢ ሲሆን የላፕቶፑ በግማሽ ያንሳል። ሕንፃ በሦስት አቅጣጫ ለሚስል ተማሪ ይህች የሜሞሪ ልዩነት ከፍጥነቱ በላይ ታስቸግራለች፤ ሥዕሉ ሜሞሪው ውስጥ ካልገባ ካርዱ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ሥራው ይጓተታል ወይም ይቋረጣል።

ልዩነቱ የሚጠበው ዝቅ ባለው ደረጃ ካርድ ላይ ነው። አርቲኤክስ 4060 በሁለቱም ዓይነት 3,072 ኮርና 8 ጂቢ ሜሞሪ አለው፤ የዴስክቶፑ 115 ዋት ይበላል፣ የላፕቶፑም እስከ 115 ሊሰጠው ይችላል። «ሊሰጠው ይችላል» የሚለው አነጋገር ጠቃሚ ነው። ኤንቪዲያ ለዚህ የላፕቶፕ ቺፕ የፈቀደው ክልል ከ35 እስከ 115 ዋት ነው፤ በዚያ መካከል የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ላፕቶፑን የሠራው ኩባንያ ነው። ስለዚህ ቀጭን፣ ቀላልና የሚያምር ባለ 4060 ላፕቶፕ ከወፍራሙ ባለ 4060 ላፕቶፕ አጠገብ ተቀምጦ፣ ስማቸው አንድ ሆኖ፣ ሥራቸው በግልጽ ሊለያይ ይችላል። ኃይል በጨመረ ቁጥር የፍጥነቱ ጭማሪ እየቀነሰ እንደሚሄድም ማወቅ ይገባል። ከ45 ዋት ወደ 80 መውጣት ጨዋታውን ይለውጣል፤ ከ100 ዋት በኋላ የሚጨመረው ግን በዚህ ቺፕ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው። ቁጥሩን ለማወቅ የሻጭ ቃል መጠበቅ አያስፈልግም። የኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል የሲስተም መረጃ ሲከፈት ከፍተኛው የግራፊክስ ኃይል በዋት ተጽፎ ይገኛል። ሱቅ ውስጥ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ፕሮሰሰሩም ያው ነው። «ኮር አይ ሰባት» እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የኖረ ስም ስለሆነ ብቻውን ምንም አይነግርም። በአንድ ትውልድ ውስጥ እንኳ አይ7 8550ዩ ባለ 4 ኮርና በ15 ዋት የተወሰነ ሲሆን፣ አይ7 8750ኤች 6 ኮርና 45 ዋት አለው። የመጨረሻዋ ፊደል ከፊት ካለው ቁጥር ይልቅ ብዙ ትናገራለች።

ዋት ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው፤ ሙቀት ደግሞ በአየር ይወጣል። እዚህ ላይ አዲስ አበባ የራሷ ጠባይ አላት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንዲፈላና ባቄላ ሳይበስል ረጅም ጊዜ እንዲቆይ የሚያደርገው ይኸው ነው። አንድ ፋን በደቂቃ የሚያሽከረክረው የአየር ይዘት ባይለወጥም በዚያ ይዘት ውስጥ ያለው አየር በሩብ ይሳሳል፤ ስለዚህ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ዴስክቶፕ ይህን በቀላሉ ይችለዋል፦ ፋኖቹ ሰፋፊ ናቸው፣ በተለመደው ሥራ በሙሉ ፍጥነታቸው ስለማይሽከረከሩ የሚጨምሩት ትርፍ አላቸው። በጨዋታ መካከል ፋኑ ከመጀመሪያውም በጩኸት ጣሪያ ላይ የደረሰ ላፕቶፕ ግን መሄጃ የለውም፤ ቺፑ ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ ተፈትኖ የተጻፈለት የላፕቶፕ ፍጥነት እዚህ ሲደርስ በመጠኑ ዝቅ ቢል ሊያስገርም አይገባም።

በሌላ በኩል የከተማዋ አየር ቀዝቃዛ ነው፤ የቀኑ ሙቀት በአብዛኛው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለው መካከል ይውላል። ብዙው ዕቃ የሚመጣባት ዱባይ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ትደርሳለች። ቅዝቃዜው ከአየሩ መሳሳት የሚመጣውን ጉዳት በከፊል ይክሳል፤ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ለሚወሰድ ላፕቶፕ ግን ይህ ካሣ የለም። አቧራው ደግሞ የማይካስ ጠላት ነው። በደረቁ ወራት ከመርካቶ መንገዶች የሚነሣው አቧራ በላፕቶፑ ቀጫጭን የሙቀት ክንፎች መካከል እንደ ጥጥ ይጠቀጠቃል። ዴስክቶፕን የጎን ክዳኑን ከፍቶ በብሩሽ ማጽዳት ልጅም ይችለዋል፤ ላፕቶፕ ግን ከሥሩ ተፈትቶ መጽዳትና በየጊዜው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባቱ መቀየር አለበት።

ከፍታው በፓወር ሰፕላይ ላይም ምልክት ይተዋል። ለቻይና ገበያ ከተሠሩ ቻርጀሮችና ፓወር ሰፕላዮች አንዳንዶቹ ላይ የተራራ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ጽሑፍ ይታያል። ትርጉሙ የዕቃው ደኅንነት የተረጋገጠው ከ2,000 ሜትር በታች ለሚገኝ ቦታ ነው ማለት ነው፤ ቀጭን አየር የኤሌክትሪክ ብልጭታን የመከላከል አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ በክፍሎቹ መካከል የሚያስፈልገው ርቀት ይጨምራል። መርካቶ ከዚያ ወሰን በላይ ነው። ምልክት ያለበት ዕቃ ወዲያው ይቃጠላል ማለት አይደለም፤ ምርጫ ካለ ግን ያለ ምልክት የመጣውን መውሰድ ይሻላል።

ከዚያ የመብራት ጉዳይ ይመጣል፤ በአዲስ አበባ ምርጫውን ከምንም በላይ የሚያዘነብለው ይህ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ሆኖም የሰፈር መብራት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ኃይል ስላነሰ ሳይሆን ኃይሉን ቤት ለቤት የሚያደርሰው መስመር ስለሚበላሽ ነው። መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፕ በዚያች ቅጽበት ይሞታል። ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል፤ ሲመለስ የሚመጣው የኃይል ግፊት ደግሞ ፓወር ሰፕላዩን ሊያቃጥል ይችላል። መድኃኒቱ ዩፒኤስ ነው። በየሱቁ የሚገኘው አነስተኛ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ በአብዛኛው አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይይዛል፤ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ነው። የጌሚንግ ላፕቶፕ ባትሪ ከ60 እስከ 99 ዋት ሰዓት ይደርሳል። የተከማቸው ኃይል ያን ያህል ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው። ከሞኒተሩ ጋር 300 ዋት የሚስበው ዴስክቶፕ ያንን ባትሪ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ሥራን አስቀምጦ ለማጥፋት ይበቃል እንጂ ለመቀጠል አይሆንም። ላፕቶፑ ግን ከሶኬት ሲለይ ፍላጎቱን ራሱ ይቀንሳል፦ ጨዋታ ከሆነ አንድ ሰዓት ያህል በቀነሰ ፍጥነት፣ ጽሑፍና ንባብ ከሆነ ለሰዓታት ይሠራል። ላፕቶፕ ዩፒኤሱን ይዞ የተወለደ ዕቃ ነው ቢባል ትክክል ነው። የማስረከቢያ ቀኑ የደረሰበት ተማሪ ይህን ከየትኛውም የፍጥነት ቁጥር በላይ ያውቀዋል።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ያገለገለ ዴስክቶፕ አንድ የተለየ አደጋ አለው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። የላፕቶፕ ቻርጀሮች በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ይቀበላሉ። የቆዩ የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላዮች ግን ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ አላቸው፤ 115 ላይ እንዳለ ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል። ከመሰካቱ በፊት ማዞሪያውን ማየት ያስፈልጋል።

ተንቀሳቃሽነት ሲባልም መጠኑ መታወቅ አለበት። መካከለኛ ጌሚንግ ላፕቶፕ ከ2.3 እስከ 2.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ባለ 230 ዋት ቻርጀሩ ሲጨመር ከ3 ኪሎ ያልፋል። ቻርጀሩን ቤት ትቶ መውጣት አይቻልም፤ ከሶኬት የተለየ ጌሚንግ ላፕቶፕ ግማሽ ጉልበቱን ቤት ትቶ እንደወጣ ነው። ከአውቶቡስ ተራ ልደታ በሚኒባስ በየቀኑ መመላለስ ለዚህ ክብደት ቀላል አይደለም፤ ግን ይቻላል። ዴስክቶፕ በዚህ መንገድ አይታሰብም። ሌላም የመንቀሳቀስ ዓይነት አለ፤ እርሱም የተከራይ ሕይወት ነው። በየዓመቱ ቤት የሚቀይር ሰው ኬዙን፣ ሞኒተሩንና ዩፒኤሱን በዕቃ መጫኛ ሲያመላልስ አንዱ መሰበሩ አይቀርም። በአውሮፕላን የሚመጣ ዕቃም ወሰን አለው፤ ያለ አየር መንገዱ ልዩ ፈቃድ የሚያዝ ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት ስለሆነ ትልልቆቹ ላፕቶፖች ሁሉ 99 ላይ ይቆማሉ። ባትሪ የሌለው ግራፊክስ ካርድ ይህ ገደብ የለበትም።

አለመንቀሳቀስ ራሱ ጥቅም የሚሆንበት ቦታ ደግሞ አለ። በየሰፈሩ ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች የቆሙት በማይነሣ ዕቃ ላይ ነው፤ በሰዓት የሚከራይ የኮምፒውተር ጌም ቤት ለመክፈት ላፕቶፕ መደርደር ለሌባ መጋበዝ ይሆናል። ግርግር በበዛበት ገበያ ውስጥ የላፕቶፕ ቦርሳ መያዝም የራሱ ስጋት አለው።

ስለ ገንዘቡ ማንሣት ግድ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በባንክ ሒሳብ 57 ሺህ ብር ይሆን የነበረ የ1,000 ዶላር ላፕቶፕ፣ ቀረጡ፣ 15 በመቶው ቫትና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመር ከ120 ሺህ ብር አለፈ። በዓለም ገበያ ለአንድ ዓይነት ፍጥነት ዴስክቶፕ ከላፕቶፕ ይረክሳል የሚለው እውነት መርካቶ ሲደርስ ይሸራረፋል። ሞኒተር፣ ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ዩፒኤስና ስታቢላይዘር ለየብቻ ይገዛሉ፤ አዳዲስ የግራፊክስ ካርዶች ምርጫም ጠባብ ስለሆነ ሻጩ ዋጋውን እንደፈለገ ይቆርጣል። ዋጋ የሚያነጻጽር ሰው ኬዙን ብቻ ከላፕቶፑ ጋር ካመዛዘነ ራሱን ያታልላል።

ዴስክቶፕ በዋጋ በግልጽ የሚያሸንፈው ባገለገሉት ላይ ነው። ከውጭ ድርጅቶች ተሰናብተው የሚመጡት ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክና ሌኖቮ ቲንክሴንተር ጠንካራ ማሽኖች ናቸው፤ ፓወር ሰፕላያቸው ግን በብዛት ከ300 ዋት በታች ነው። ለእነርሱ የሚስማማው እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ ካርድ ነው፤ 75 ዋት ብቻ ስለሚበላ ኃይሉን ከማዘርቦርዱ ይወስዳል፣ የተለየ ገመድ ሳይፈልግ ይሠራል። ዘመናዊ ከባድ ጌም በከፍተኛ ጥራት አያጫውትም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒውተር የወጣውን ጂቲኤ 5 ግን በደንብ ያስኬዳል፣ ለተማሪ ሥዕልም መነሻ ይሆናል። ቁመተ አጭሩ ኬዝ አጭር ካርድ ብቻ እንደሚቀበል ከመግዛት በፊት መለካት ይገባል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ስላበቃ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያለውን ስለማይቀበል፣ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን መምረጥ ብልህነት ነው። ያገለገለ ካርድ ሲገዛም ታሪኩን መጠርጠር ያስፈልጋል፤ ኢተሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ሲቆም ለወራት ሌት ተቀን የሠሩ ካርዶች በዓለም የሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ ፈሰዋል። ካርዱን ለ20 ደቂቃ በከባድ ጌም አስሮጦ ሙቀቱንና የምስሉን ንጽሕና ሳያዩ መክፈል አይገባም። ለላፕቶፕ የሚደረገው ፈተናም ይኸው ሆኖ፣ ዊንዶውስ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ይጨመርበታል፤ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅምና አሁን የቀረው ጎን ለጎን ይነበባሉ።

ከሁለቱ መካከል የቆሙ ሌሎች ዕቃዎችም አሉ፤ በእጅ የሚያዙት እንደ ስቲም ዴክ ያሉት በ15 ዋት ገደማ ቺፕ ይሠራሉ፣ ትንንሾቹ ሚኒ ፒሲዎችም ጠረጴዛ አያጣብቡም። ለጨዋታ ብቻ ከሆነ ይበቁ ይሆናል፤ ለሥራ ግን የሁለቱን ጥያቄ አይፈቱም።

እንግዲህ ቋሚ ቤት፣ አስተማማኝ መስመርና የሚከብድ ሥራ ላለው፣ ለምሳሌ ቪዲዮ እያቀናበረ ለሚኖር ባለሙያ፣ ዴስክቶፕ ከነጥሩ ዩፒኤሱ ተመራጭ ነው። ለተማሪና ለተከራይ ግን ከ80 ዋት በላይ የሚሰጠው ወፈር ያለ ባለ 4060 ላፕቶፕ ከየትኛውም ቀጭንና ውድ ላፕቶፕ ይሻላል። ባለ 4090 ላፕቶፕ ዋጋው ሲታሰብ ለጥቂቶች ብቻ የሚሆን ዕቃ ነው፤ ስሙን ሳይሆን ሥራውን የሚፈልግ ሰው በዚያ ገንዘብ ጠንካራ ዴስክቶፕና ተራ ላፕቶፕ ጎን ለጎን መያዝ ይችላል።

የዕድሜ ልዩነቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ኤኤምዲ ኤኤም4 የተባለውን የፕሮሰሰር መቀመጫ ለዓመታት ስላቆየው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከተገዙት ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ ባዮሳቸው ከታደሰ በ2022 የወጣውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ይቀበላሉ። ላፕቶፕ ላይ የሚቀየረው ኤስኤስዲው፣ በአብዛኛው ራሙ፣ ከዚያም ባትሪው ነው፤ ጂፒዩው ግን ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል። ቺፕ በሙቅ አየር ነቅለው የሚተክሉ የተካኑ ጠጋኞች በከተማው አሉ፤ ሥራው ግን ውድ ነው፣ ዋስትናውም አጭር።

ሁለቱም በመጨረሻ በቁራሌው ማዳበሪያ ተጭነው ወደ ምናለሽ ተራ ይወርዳሉ። እዚያ ዴስክቶፑ ይበተናል፦ ፓወር ሰፕላዩ ለአንዱ፣ ራሙ ለሌላው፣ ኬዙና ፋኑ ለሦስተኛው ይሄዳሉ፤ ከማንኛውም አቻ ማሽን ጋር ስለሚገጥሙ ገዢ አያጡም። የላፕቶፑ ስክሪንና ኪቦርድ ያንኑ ሞዴል የያዘ ሰው እስኪመጣ ይጠብቃሉ፤ ማዘርቦርዱ ከተበየደበት ጂፒዩ ጋር በኪሎ ይመዘናል።